ስለ ምርምር ሥርዓትና ስለ ቍጥር ምስክርነት

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ክፍል የሚመላለስ ሰው እውነት የሚፈለግባቸውን ሁለት ታላላቅ ቤቶች ያያል። አንደኛው ባለጕዳይ ሁሉ «ልደታ ፍርድ ቤት» እያለ የሚጠራው የፍርድ አደባባይ ነው፤ ሁለተኛውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበትና ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ የሚመጣ በሽተኛ የሚታከምበት የጥቍር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በፊተኛው ቤት ዳኛው ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም፤ ምስክሩም የከሳሽ ወይም የተከሳሽ ዘመድ እንደ ሆነ ቃሉ በጥንቃቄ ይመረመራል። በሁለተኛው ቤት ሐኪሙ ደም ሳያስመረምር ስለ ብዙ በሽታ ቍርጥ ነገር አይናገርም። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች በሥራ ቢለያዩም በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ይኸውም ያለ ታመነ ምስክር እውነትን ማግኘት አይቻልም የሚለው ሕግ ነው።

በዘመናችን ደግሞ ሌላ ዐይነት ምስክር ተነሥቶአል። ይህም ምስክር ሰው ሳይሆን ጽሕፈት ነው። የሰውም ሆነ የእንስሳ፥ የእህልም ሆነ የበሽታ ተውሳክ ተፈጥሮ፥ ዲ.ኤን.ኤ. በሚባል ረቂቅ ነገር ውስጥ በ4 ፊደላት ተጽፎ ይገኛል። የአንድ ሰው ሙሉ ጽሕፈት ጂኖም ይባላል፤ የፊደሉም ብዛት 3 ቢሊዮን ያህል ነው። ይህን ሁሉ ፊደል በዐይን አንብቦ ለመጨረስ የሰው ዕድሜ ስለማይበቃ፥ በኮምፒዩተር እያነበቡ የሚያመሳክሩበትና የሚቈጥሩበት ባዮኢንፎርማቲክስ የሚባል ጥበብ ተገኝቶአል። በዚህ ጥበብ የበሽታ መነሻ ይፈለግበታል፤ የመድኃኒት ኀይል ይመዘንበታል፤ የጥንት ሕዝብ ትውልድም ይጠየቅበታል።

ነገር ግን መሣሪያው ፈጣን ስለ ሆነ ብቻ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ሰው በአንድ ቀን አንድ ስሕተት ቢሠራ፥ ኮምፒዩተር ያንኑ ስሕተት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ከዚያም ባማረ ሠንጠረዥ አሰናድቶ ያቀርበዋል። ቍጥር ግርማ አለውና የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጠይቀው ያምነዋል። ስለዚህ ዛሬ ለአንባብያን ለማስረዳት ያሰብነው፥ የምርምር እውነት የሚጸናው በመሣሪያው ብርታት ሳይሆን አስቀድሞ በታሰበ ሥርዓትና ከዚያም በኋላ በሚደረግ ጥብቅ ማመሳከር መሆኑን ነው። ለዚህም ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በራሳችን አገር ምድር ላይ የተፈጸመ ነገር አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስታውስልን።

በጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ፤ ስሙም በጎጃም ካለችው ከሞጣ ከተማ ጋር እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። በ2012 ጆን አርተርና ካትሪን አርተር የሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዚህ ዋሻ ውስጥ ሲቈፍሩ፥ ከ4,500 ዓመት ያህል በፊት የተቀበረ የአንድ ወንድ ዐፅም አገኙ። ስሙንም በጋሞ ቋንቋ የበኵር ልጅ ማለት የሆነውን ባይራ የሚለውን ሰጡት። በሞቃት አገር ዲ.ኤን.ኤ. ቶሎ ይበላሻል፤ የዚህ ዋሻ አየር ግን ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ጽሕፈቱ ሳይጠፋ ቈይቶ፥ በጆሮ አጠገብ ካለው ከጽኑው አጥንት ውስጥ ወጣ። ከአፍሪካ ምድር ከተገኙት ጥንታውያን ሰዎች ሙሉ ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው ሰው ባይራ ነው።

በ2015 ማርኮስ ጋዬጎ ዮሬንቴ፥ አንድሪያ ማኒካና ባልደረቦቻቸው የባይራን ጽሕፈት ከዛሬ ሰዎች ጽሕፈት ጋር አመሳክረው ያገኙትን ነገር ሳይንስ በሚባለው በታወቀው መጽሔት ላይ አወጡ። ከአውሮፓና ከእስያ ወገን የሆነ ሕዝብ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ገብቶ እንደ ነበረ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ግን ከዚህ አልፎ፥ የዚያ ሕዝብ ደም በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ሳይወሰን በመላው አፍሪካ እንደ ተሰራጨ፥ በምዕራብ ባሉት በዮሩባዎችና በኮንጎ ደን ውስጥ በሚኖሩት በምቡቲዎች ዘንድ እንኳ 6 ወይም 7 ከመቶ እንደሚገኝ ተናገረ። ነገሩ የአንድ ክፍለ ዓለም ሕዝብ ሁሉ የትውልድ ታሪክ ስለ ሆነ፥ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ፈጥኖ ተሰማ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአሜሪካ በሐርቫርድ የሚሠሩ ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ የተባሉ ሊቃውንት ያንኑ ጽሕፈት በራሳቸው መንገድ ቢመረምሩት፥ በዮሩባና በምቡቲ ዘንድ ተገኘ የተባለውን ነገር አላገኙትም። ስለዚህም የመጀመሪያዎቹን ጸሐፊዎች ጠየቋቸው። እነርሱም የሥራቸውን መዝገብ ከሥሩ ጀምረው ሲመረምሩ ስሕተቱን አገኙት፤ ጽሕፈቱ ከአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲተላለፍ መደረግ የሚገባው አንድ የማስተካከያ ሥራ ተዘሎ ነበር።

ይህ ስሕተት እንዴት ያለ እንደ ሆነ የብራና መጻሕፍትን ማመሳከር የለመደ ሊቅ ከማንም ይልቅ ፈጥኖ ያስተውለዋል። አንድ ጸሐፊ ከሩቅ ደብር የመጣውን ጥንታዊ ዳዊት ከታወቀው እናት ቅጂ ጋር እንዲያመሳክር ታዘዘ እንበል። ጸሐፊው ድካሙን ለማሳነስ ሁለቱ መጻሕፍት የሚለያዩበትን ቦታ ብቻ መዝግቦ፥ የተስማሙበትን ቦታ ባዶ ተወው። ባዶ መተዉም «በዚህ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው» ማለቱ ነበር። መዝገቡን የተቀበለው ሁለተኛው ጸሐፊ ግን ይህን ስላልተነገረው፥ ባዶውን ቦታ «ብራናው ተቀዶ የጠፋ ነው» ብሎ ከቍጥር አወጣው። እንግዲህ በመዝገቡ የቀረው ልዩነት ብቻ ስለ ሆነ፥ ያ ዳዊት ከሌላው ዳዊት ሁሉ የተለየ እንግዳ መጽሐፍ መስሎ ታየ። ሁለቱም ጸሐፊዎች በየራሳቸው ሥራ አልሰነፉም፤ ስሕተቱ የተወለደው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በተላለፈበት ቦታ ላይ ነው።

በባይራ ላይ የደረሰው እንደዚሁ ነው። ጽሕፈቱ ከእናት ቅጂው ጋር የተስማማባቸው ብዙ ቦታዎች ከቍጥር ስለ ወጡ፥ ባይራ ከሰው ሁሉ የራቀ ሆኖ ታየ። ተመራማሪዎቹ እርሱን ያልተቀላቀለ የአፍሪካዊ ደም መለኪያ አድርገውት ነበርና፥ የዛሬዎቹ አፍሪካውያን ሁሉ ከእርሱ ጋር ሲነጻጸሩ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ሕዝብ ያዘነበሉ መሰሉ። ነገር ግን ያዘነበለው ሚዛኑ ነበር እንጂ ሕዝቡ አልነበረም።

ጸሐፊዎቹ ግን ስሕተታቸውን አልሸሸጉም። በ2016 መጀመሪያ ላይ ማረሚያ አወጡ፤ በጽሑፉ አርእስት ላይ ስለ መላው የአፍሪካ ክፍለ ዓለም ይናገር የነበረውንም ቃል በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ወሰኑት። ከታረመ በኋላ የቀረውም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ባይራ ከዛሬዎቹ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ይልቁንም ከአሪዎች ጋር የቀረበ ዝምድና እንዳለው የተገኘው ነገር ጸንቶ ይኖራል። ሊቅ በመሳሳቱ አይዋረድም፤ የሚዋረደው ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ሲከራከር ነው። ማረሚያው ሊገኝ የቻለው ደግሞ ጽሕፈቱ በሣጥን ተቈልፎ ስላልቀረ፥ ሌሎችም አይተው እንዲመረምሩት ስለ ተፈቀደ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከዚሁ ታሪክ አንድ ሌላ ትምህርት ይወጣል። የባይራ ጽሕፈት እያንዳንዱ ፊደሉ በአማካይ ከ12 ጊዜ በላይ ተነብቦአል። ይህም የእርሱ የራሱ ጽሕፈት በትክክል ለመነበቡ መታመኛ ነው። ነገር ግን አንዱን ምስክር 12 ጊዜ መጠየቅ 12 ምስክር ማቆም አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች በዚህ ይሳሳታሉ፤ ከ3 በሽተኞች የተወሰደውን ደም እያንዳንዱን 10 ጊዜ አንብበው 30 ምስክር ያገኙ ይመስላቸዋል። ዳኛ ይህን አይቀበልም፤ ተመራማሪም ሊቀበለው አይገባም።

እስካሁን የተናገርነው ከተሰበሰበ በኋላ በማመሳከር ላይ ስለሚደርስ ስሕተት ነው፤ ይህ ዐይነቱ ስሕተት መዝገቡ ካለ ሊታረም ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሳይሰበሰብ በፊት በአሳብ ጕድለት የሚደርሰው ነው፤ ለእርሱ ማረሚያ የለውምና። ይህንንም የእርሻን ነገር የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። አንድ ገበሬ ከሁለት ዐይነት የጤፍ ዘር የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ፈልጎ፥ አንዱን በለሙ መሬት ሁለተኛውን በጭንጫው ላይ ቢዘራ፥ በመከር ጊዜ ያየው ልዩነት የዘሩ ይሁን የመሬቱ ማን ሊነግረው ይችላል? በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርመራ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ፊሸር ለዚህ መድኃኒቱን አሳይቶአል፤ ይኸውም እርሻውን ከፋፍሎ ለየትኛው ክፍል የትኛው ዘር እንደሚደርስ በዕጣ መለየት ነው። ዕጣ አያዳላምና፥ ለሙም ጭንጫውም ለሁለቱ ዘሮች ይደርሳቸዋል። ይኸው ሊቅ በ1938 ሲናገር፥ ሥራው ካለቀ በኋላ የቍጥር ሊቅን መጥራት አስከሬን እንዲመረምር መጥራት እንደ ሆነ፥ እርሱም ምርምሩ በምን እንደ ሞተ ብቻ ሊናገር እንደሚችል አስረድቶአል።

ይህንኑ ወደ ሆስፒታል እናምጣው። አንድ ተመራማሪ የአንድን በሽታ መነሻ ለማወቅ ከ100 በሽተኞችና ከ100 ጤነኞች ደም ወሰደ እንበል። የበሽተኞቹን ደም በጥቅምት በአንድ ሠራተኛ እጅ አስነበበ፤ የጤነኞቹን ግን ቅመሙ ከተለወጠ በኋላ በግንቦት በሌላ ሠራተኛ እጅ አስነበበ። በሁለቱ መካከል ታላቅ ልዩነት ያገኛል፤ ይደሰትበታልም፤ ነገር ግን ያገኘው የጥቅምትንና የግንቦትን ልዩነት ይሁን የበሽታንና የጤናን ልዩነት ማንም ሊለየው አይችልም። ይህ በታላላቅ ሊቃውንትም ላይ የደረሰ ነው። በ2014 የሰውና የአይጥ የአካል ክፍሎች የጂን ሥራ የተነጻጸረበት አንድ የታወቀ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ በ2015 ዮአቭ ጊላድና ኦርና ሚዝራሂ ማን ሲመረምሩት የሰውና የአይጥ ናሙናዎች በአብዛኛው ለየብቻቸው በተለያየ ዙር የተነበቡ መሆናቸውን ገለጡ፤ የዙሩ ልዩነት ታስቦ ሲቈጠርም የፊተኛው ፍርድ ሳይጸና ቀረ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ በእያንዳንዱ ቀን ከሁለቱም ወገን ናሙና በዕጣ ቀላቅሎ ማስነበብ፥ ሠራተኛውም የትኛው የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው አደጋ የብዛት አደጋ ነው። የሰው ጂን 20,000 ያህል ነው። ተመራማሪው እያንዳንዱን ጂን «አንተ የዚህ በሽታ ምክንያት ነህን?» እያለ ቢጠይቅ፥ በልማድ እንደ ተያዘውም ከ100 ጥያቄ 5ቱ በአጋጣሚ ብቻ ቢሳሳት ግድ የለም ቢል፥ አንድም እውነተኛ ምክንያት ሳይኖር 1,000 ጂኖች «አዎን» ብለው ይመሰክራሉ። ከነዚያም መካከል ደስ ያሰኘውን መርጦ ጽሑፍ ቢያወጣ፥ ሐሰተኛ ምስክር መርጦ ወደ ችሎት እንደሚያቀርብ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ የሚጠይቅ ሰው የማመኛውን ልክ አብዝቶ ማጥበቅ ይገባዋል፤ ጥያቄውንም መልሱን ሳያይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ትንሽ የሚመስል ነገርም አይናቅ። ማርች እና ሴፕት በሚል ቃል የሚጀምር ስም ያላቸው ጂኖች ነበሩ። ተመራማሪዎች እነዚህን ስሞች ኤክሴል በሚባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ሲጽፏቸው፥ ኮምፒዩተሩ የወር ስም መስሎት ወደ ቀን ለወጣቸው። በ2016 የወጣ አንድ ምርመራ እንዳሳየው፥ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙት ጽሑፎች ከ5ቱ አንዱ ያህል ይህ ስሕተት ነበረበት። በመጨረሻም በ2020 የጂን ስም የሚያወጣው ማኅበር የጂኖቹን ስም ለመለወጥ ተገደደ። የታተመውን ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ በዐይን ቢያዩት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እስካሁን ስለ ጕድለት አወራን፤ አሁን ደግሞ መልካም ሥርዓት የሚያስገኘውን ፍሬ እናሳይ። በገጠር ጤና ኬላ የወባ በሽታ የሚታወቀው ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ በፈጣን መመርመሪያ ነው። ከነዚህ መመርመሪያዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ የሚያወጣውን ኤች.አር.ፒ.2 የተባለ ነገር ነው። ነገር ግን ይህን ነገር የሚያሠራው ጂን የጐደለው ተውሳክ ከተገኘ፥ እንዲህ ያለው መመርመሪያ «ወባ የለም» ይላል፤ በሽተኛውም ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተውሳኩም በትንኝ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል። እንግዲህ ይህን ለማወቅ የተነሣ ሰው በዚያው መመርመሪያ ወባ አለባቸው የተባሉትን ብቻ ቢመረምር፥ ያመለጡትን ከቶ ሊያገኛቸው አይችልም፤ በር ጠባቂውን ራሱን «ያላየኸው ሌባ አለን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነውና።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲቲዩት ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያጠኑት ጥናት በዚህ ወጥመድ አልወደቀም። በ2017 እና በ2018 ከኤርትራ፥ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑት በትግራይ፥ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን መረመሩ። በአንድ መመርመሪያ ብቻ ሳይወሰኑ፥ ሌላ ነገር የሚፈልግ ሁለተኛ መመርመሪያም ጨመሩ፤ ሁለቱ ያልተስማሙበትን ደም በላቦራቶሪ በሌላ መንገድ ፈተኑት፤ ከዚያም የተውሳኩን ጽሕፈት አስነበቡ። በ2021 ባወጡት ጽሑፍም፥ ኤች.አር.ፒ.2ን ብቻ የሚፈልገው መመርመሪያ ከ100 የፋልሲፓረም በሽተኞች 9.7 ያህሉን በጂኑ መጕደል ምክንያት እንደሚያመልጥ አስታወቁ። ቍጥሩንም ከወሰኑ ጋር ሰጡ፤ ታችኛው ወሰን 8.5፥ ላይኛውም 11.1 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲለወጥ የሚመክረው የሚያመልጠው ከ100 ከ5 ሲበልጥ ስለ ሆነ፥ ታችኛው ወሰን እንኳ ከዚያ ይበልጣል፤ ለሚወስነውም ባለሥልጣን የሚያጠራጥር ነገር አልቀረለትም።

ከዚያው ጥናት በደንብ ተመዝግቦ የተቀመጠው ደም ሌላም ጥያቄ መለሰ። በ2023 በወጣው ጽሑፍ፥ ከተነበቡት ተውሳኮች 8 ከመቶ ያህሉ ለአርቴሚሲኒን መድኃኒት በከፊል አልበገርም ባይነት የሚሰጥ ለውጥ እንዳለባቸው ተገለጠ። አንድ ጊዜ በሥርዓት የተሰበሰበ ነገር ሁለት ጊዜ ያገለግላል፤ ያለ ሥርዓት የተሰበሰበ ግን አንድ ጊዜም አያገለግልም።

እንግዲህ ለምርምር ገንዘብ የሚፈቅድ ወይም በምርምር ቍጥር ላይ ተመሥርቶ ትእዛዝ የሚሰጥ ሹም፥ የባዮኢንፎርማቲክስ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የዳኛ ጠባይ ነው። ጥያቄው ሥራው ሳይጀመር ተጽፎአልን? ምስክሮቹ ስንት ናቸው፥ እያንዳንዱስ በራሱ የቆመ ነውን? የሚነጻጸሩት ወገኖች በአንድ ቀን፥ በአንድ እጅ፥ በአንድ መሣሪያ ተመርምረዋልን? ቍጥሩ ከነወሰኑ ቀርቦአልን? የሥራው መዝገብ ሌላ ሊቅ እንዲያመሳክረው ተከፍቶአልን? ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ተመራማሪ ቢገኝ ገንዘቡን ከመከልከል በፊት የቍጥር ሊቅ እንዲያማክር ጊዜ ይስጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ጥቂት ወር ማሰብ ብዙ ዓመት ከመልቀም ያድናል።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ ደሙን ለምርምር ስጥ ሲባል ብዙ ጊዜ ምክር የሚጠይቀው የነፍስ አባቱን ነው። የነፍስ አባቱም ደም ስለ ምን እንደሚፈለግና በምን ሥርዓት እንደሚያዝ ከተመራማሪው ቢጠይቅ፥ ለሕዝቡም ለጥበቡም ይበጃል።

ከጋምቤላ ወይም ከመተማ ደሙን የሰጠ ሰው በልቡ የሚያስበው ለልጆቹ የሚሆን ነገር ይገኝበታል ብሎ ነው። ያ ደም ሥርዓት በሌለው ምርምር ቢፈስስ፥ ገንዘቡ ቢተካ እንኳ የተሰጠው እምነት አይተካም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው ሁሉ፥ ከመቍጠርም ማሰብ መቅደም ይገባዋል።